አራት ጊዜ ያናገርሁት ሟች

ልጁ ሞተ የሚለው ወሬ ቡሬ ሲደርስ እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። የኬሚስትሪ አስተማሪያችንን «ለራስዎም አልገባዎት» ብዬ ከትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ታግጄ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከአባቴ ቤት ወጥቻለሁ፤ ያስወጣኝ የእንጀራ እናቴን የጠላ ጋን መስበሬ ነው። ጋኑ ባዶ ነበር። ይህን ለስንቱ ብናገር የሰማኝ የለም። እናቴ የሞተችው ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ አባቴ ሌላ ሲያገባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የተሰበረ ዕቃ ሁሉ በእኔ ይሳበባል፤ ግማሹን እውነትም እኔ ነኝ የሰበርሁት።

ልጁ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። የቤተሰቦቹ ቤት ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከአባቴ መንደር አለፍ ብሎ ነው። እሱ ከትምህርት ቤት የተባረረው ለሁለት ሳምንት ሳይሆን ለሁልጊዜው ነው፤ ርእሰ መምህሩን ቢሮው ውስጥ ቆልፎበት፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ምሳውን ሊበላ ሄደ። አባቱ ይህን ሲሰሙ «ከእንግዲህ በዚህ ደጅ እንዳላይህ» አሉት። በሕይወቱ አባቱን የታዘዘው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ ወረደ።

እኔ እወደው ነበር። በጠቅላላው ያናገርሁት ግን አራት ጊዜ ነው። አንዴ እስክርቢቶ ለመንሁት፣ «የለኝም» አለኝ። አንዴ እሱ ለመነኝና ሰጠሁት። አንዴ እስክርቢቶዬን ስጠይቀው «ጠፋብኝ» አለ። አራተኛው፣ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ገበያ ላይ አግኝቼው፣ በአራት ያጠፍሁትን ደብዳቤ እጁ ላይ አድርጌ «እንካ» አልሁት፤ «እሺ» አለኝ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይመልስልኝ ሄደ።

ሁለት ወር ቆይቶ ከመተማ የተመለሰ የአገራቸው ሰው መርዶውን አመጣ። ልጁ በወባ ራሱን ስቶ፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ በሰው ትከሻ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሲገባ በዓይኑ አይቷል። በማግስቱ ሊጠይቀው ሄዶ የበሩን ጥበቃ «የቡሬው ልጅ እንዴት አደረ?» ቢለው፣ ጥበቃው «እሱማ አለፈ» አለው። ሰውየው እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብሎ አልቅሶ፣ ነገሩን ሳያጣራ ወደ አገሩ ተሳፈረ።

ለቅሶው ላይ አክስቴ ይዛኝ ሄደች። አስከሬን ስለሌለ ልብሱን ዳሱ መካከል ዘርግተውታል፤ ካለው ልብስ ሁሉ ደህናው የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ስለነበር እሱን ከላይ አድርገውታል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነጠላዬን ተከናንቤ በዝምታ ላለቅስ ነበር ሐሳቤ። አልቃሿ ድምፅዋ ደክሞ ውኃ ልትጠጣ ዞር ስትል ግን ዳሱ ጭር አለ፤ በዚያ ጭርታ ውስጥ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦

የሰጠሁህ አደራ በእጅህ እያለ፣
ሳትመልስልኝ ሞት አንተን አታለለ።

ሙሾ አውርጄ አላውቅም። ሴቶቹ ተቀብለው አስጮኹት። ከወንዶቹ በኩል የሰፈሩ መሪጌታ አጠገባቸው ላለው ሰው በሹክሹክታ መተርጎም ጀመሩ፤ የእሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ ቅዳሴ የለመደ ድምፅ ስለሆነ ዳሱን ሞላው። «ሳትመልስ ያለችው ላይ ነው ነገሩ። መመለስ ዕቃ መመለስ ነው፤ መልስ መስጠትም ነው። ልጅቷ አንድ ነገር ጠይቃው ኖሯል። አደራው ምን ይሆን?»

የልጁ እናት ከዚህ ሁሉ የሰሙት «አደራ» የምትለዋን ብቻ ነው። «የሰው ዕቃ ይዞማ የልጄ ነፍስ አታርፍም» ብለው ተነሡና ወደ ቤት ገብተው ሳጥኑን ይበረብሩ ጀመር። ከአሮጌ ኮቱ የውስጥ ኪስ፣ በአራት እንደታጠፈ፣ ደብዳቤዬን አገኙት። ማንበብ ስለማይችሉ አምጥተው ለመሪጌታ ሰጧቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አነበቡ፦ «ፊት ለፊቴ ስለምትቀመጥ ጥቁር ሰሌዳው አይታየኝም፤ ቢታየኝም የማየው አንገትህን ነው።» እዚያ ላይ ቆሙ። ቀሪውን በዓይናቸው እስከ ታች ወረዱት። ከዚያ አጠፉትና «የቀረው ሰላምታ ነው» አሉ።

አክስቴ ጭኔ ላይ የቆነጠጠችኝ ቁንጥጫ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ታየ። እናትየው ግን መጥተው አንገቴን አቀፉኝ። «ለካ ልጄ ሰው ነበረው» አሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሐዘንተኛ ሆንሁ። ጥቁር ቀሚስ አሰፉልኝ፣ ምራቴ ይሉኝ ጀመር። በየቅዳሜው እየሄድሁ ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፣ እህል እለቅምላቸዋለሁ፣ ሊያጽናኗቸው የሚመጡት ሴቶች የመንደሩን ታሪክ ሲጫወቱ እሰማለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሐዘኑ ቢያንገበግበኝም ማዕረጉ ተስማምቶኝ ነበር። ትምህርት ቤት ስመለስ የኬሚስትሪ አስተማሪው ራሱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ሴቶቹ ተማሪዎች የፍቅር ምክር ይጠይቁኛል። እናትየው «ምን ይልሽ ነበር?» ሲሉኝ፣ «የለኝም፣ ጠፋብኝ፣ እሺ» ማለት ስለከበደኝ ከራሴ እየፈጠርሁ እነግራቸዋለሁ። «እናቴን እንደ ዓይንሽ ብሌን ተመልከችልኝ ብሎኛል» አልኋቸው አንድ ቀን። ይህንንማ ልጄ አይልም ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን አመኑ።

አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናትየው ገበያ አባትየው ማሳ ሄደው እኔ ግቢው ውስጥ እንጨት እፈልጣለሁ። የአጥሩ በር ተከፈተ። ቀና ስል እሱ ነው፤ ከስቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል አድርጓል። አማተብሁ። አልጠፋም።

«ባለ እስክርቢቶዋ አይደለሽም?» አለ። «እኛ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሞተሃል እኮ» አልሁት።

«ማን?»

«አንተ። አርባህም ወጥቷል።»

እዚያው የእንጨት ጉማጅ ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ካሰበ በኋላ «ምን አረዱ?» አለኝ።

«በሬ።»

«የትኛውን?»

«ቀዩን።»

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። ስለ ሞቱ ስነግረው ያላዘነውን ለቀዩ በሬ አዘነ። ዓይኑን ጠራርጎ ሲያበቃ ቀሚሴን አየ። «ጥቁር የለበስሽው ማን ሞቶብሽ ነው?» አለ።

«አንተ» አልሁት። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጥሁና ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እናቱ ሲመለሱ ወደቁ፤ ሲነሡ አህያቸውን ሲነዱበት በነበረው አለንጋ መቱት፤ ከዚያ እየሳሙ አለቀሱ። አባቱ በሩ ላይ ቆመው «ግባ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ አወጡ። ነገሩ የተገለጠው በጨዋታ መካከል ነው። ሦስት ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። ጤና ጣቢያው ሲያቅተው በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ላከው፤ የጥበቃው «አለፈ» ማለትም ወደ ጎንደር አለፈ ማለቱ ነበር። ስልኩ በትኩሳቱ መካከል ጠፍቷል፤ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የአባቱን ብቻ ነው፣ ለእሳቸው ደግሞ ላይደውል ምሏል።

መንደሩ ግን ይህን ማብራሪያ አልፈለገውም። ልቅሶ ተቀምጧል፣ ፍትሐት ተፈትቷል፣ ንፍሮ ተበልቷል፤ ስለዚህ ልጁ ሞቶ ተመልሷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። መደቡ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ባሌን አየኻቸው?» አሉት።

አላየሁም ሊል አፉን ከፈተ። የሴትዮዋን ፊት ሲያይ ግን «ደህና ናቸው» አለ።

«ምን አሉህ?»

እኔ ጓዳ ነበርሁ። በመጋረጃው በኩል ዞሮ አየኝ። በከንፈሬ «በቅሎዋ» አልሁት፤ ሰውየው በቅሏቸውን እንዴት ይወዱ እንደነበር በለቅሶው ሰሞን አሥር ጊዜ ሰምቻለሁ።

«በቅሎዋን እንዳይሸጧት ብለዋል» አላቸው።

አሮጊቷ ደነገጡ። «ሸጥኋት እኮ።»

«ያውቃሉ» አለ ወዲያው። «ይቅር ብለዎታል።»

ሴትዮዋ ልጁን ጉልበቱ ላይ ስመው፣ በማግስቱ አሥር እንቁላል ላኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። ከሽንዲ መንገድ ሁሉ ሰው ይመጣ ጀመር። እሱ መደቡ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ጓዳ እሆናለሁ፤ ሲቸገር ያስላል፣ እኔ ደግሞ የማውቀውን በሹክሹክታ አቀብላለሁ። ሟቾቹ ሁሉ ደህና ነበሩ። ሁሉም ይቅር ባዮች ነበሩ። አንድ ሰውዬ ብቻ ወንድማቸው ስለ ድንበር ጉዳይ ምን እንዳላቸው ሲጠይቁ፣ «እዚያ ድንበር የለም» ብሎ ሸኛቸው፤ እኔ ጓዳ ውስጥ ነጠላዬን ነክሼ ሳቅሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ከቤቱ ጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የሚቀጥለውን ቅዳሜ እንመክራለን። የማን አክስት መቼ እንደሞተች፣ ማን ከማን እንደተጣላ አስጠናዋለሁ። ከዚያ ቀስ በቀስ ስለ ሌላ ነገር ማውራት መጣ። ደብዳቤውን መተማ ያልወሰደው ላብ እንዳያጠፋብኝ ብሎ እንደሆነ ነገረኝ። በበኩሌ ለእናቱ በስሙ የፈጠርሁትን ሁሉ ተናዘዝሁ፤ «ያልሁት ሁሉ ከኔ ይሻላል» አለ።

አንድ ቅዳሜ የመጣችዋ እንግዳ ገና በሩ ላይ ስትሳለም በድምፅዋ አወቅኋት፤ የእንጀራ እናቴ ናት። እኔ ጓዳ መሆኔን አላወቀችም። ልጁም እሷን አያውቃትም።

«የባሌን የፊተኛዋን ሚስት አይተህ እንደሆነ ብዬ ነው» አለች። ስምዋንም ነገረችው። «የምልክላት መልእክት አለኝ።»

«ይንገሩኝ» አላት።

«ልጅሽን ማሳደግ አቃተኝ በልልኝ። ስገባ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ እኔም አሥራ ዘጠኝ ነበርሁ፣ የማውቀው የለኝም። ፀጉሯን ልሠራት ስል ትሸሸኛለች፤ ስትሸሸኝ እኔም ተውኋት። ጋኑን የሰበረች ዕለት ሂጂ አላልኋትም። ዝም ነው ያልሁት። ዝምታዬን ሂጂ አድርጋ ወሰደችው። እናቷ ተቀይማኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

አሥራ ዘጠኝ። ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ ልጅ። እስከዚያ ቀን ዕድሜ ያላት አይመስለኝም ነበር።

ልጁ አሳለ። እንደገና አሳለ። ምን ብዬ ላቀብለው? ወደ መጋረጃው ዞረና አየኝ፤ እንባዬን ሲያይ ነገሩ ገባው።

«እትዬ» አላት፣ «እኔ ወባ ነው የታመምሁት። ማንንም አላየሁም። እናትየዋንም አላየኋትም። ልጅቷ ግን ጓዳ አለች።»

ወጣሁ። እህል ስለቅም ስለነበር እጄ ላይ ሰፌድ አለ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ከስተሻል» አለችኝ።

«ጋኑ ባዶ ነበር» አልኋት፤ ከዚያ የተሻለ አልመጣልኝም።

«አውቃለሁ። ያጠብሁት እኔ ነኝ።»

ያን ዕለት አብረን ወደ አባቴ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ ጭቃው ባለበት ክንዴን ትይዘኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ልጁ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናዘዘ፦ አልሞትሁም፣ የነገርኋችሁ ውሸት ነው፣ ይቅር በሉኝ አለ። አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ባለ በቅሎዋ «ምስኪን፣ እንዳይናገር ከልክለውት ነው» አሉ። መሪጌታ ግን አመኑት፤ እኔንም ከሴቶቹ መካከል ጠርተው አወጡኝ፤ የጓዳውን ነገር ከየት እንደሰሙ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለታችንም ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድንጋይ እንድናመላልስ ፈረዱብን።

አራት ቅዳሜ ድንጋይ ተሸከምን። የሟች ታሪክ ማጥናት ስለቀረ ምን እንደምናወራ ጠፍቶን የመጀመሪያውን ቀን በዝምታ ጨረስነው። በሁለተኛው ቀን «ዝናብ ትወዳለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። እወዳለሁ አለ፤ እኔ አልወድም አልሁ። ወዲያው ዘነበ፤ እሱን ላለማስቀየም ስል በስብሼ ቆምሁ። ኋላ ላይ ሲነግረኝ እሱም አይወድም ኖሯል።

እኔ የትምህርት ቤት መልቀቂያውን ፈተና በሁለተኛው ሙከራ አለፍሁ። እሱ ፍኖተ ሰላም ሄዶ መካኒክነት ተማረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተጋባን፤ አሁን የምንኖረው እዚያው ፍኖተ ሰላም ነው። የመጀመሪያ ጠባችን በሠርጋችን ሳምንት፣ የተከራየነው ቤት በር በምን ቀለም ይቀባ በሚል ነበር። እሱ አረንጓዴ አለ፣ እኔ ሰማያዊ። እሱ አሸነፈ። ቀለሙ ሁለት ጊዜ ታድሷል፣ አሁንም አረንጓዴ ነው፣ አሁንም ደስ አይለኝም።