ፀሐይ ያልገባላት ልጄ

ልጄ የተወለደችው ጂንካ ነው፤ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ይዛ። አዋላጇ ነርስ ገና ከማቀፏ "ይቺስ ሹሩባ ለመሠራት ቸኩላ ነው የመጣችው" ብላ አሳቀችን።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ነበር ወደ ጂንካ የመጣሁት። ባለቤቴ በዞኑ ግብርና መምሪያ ይሠራ ነበር። ሁለታችንም የአንድ ደጋ ልጆች ነን፤ የእሱ ቤተሰቦች ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣ የእኔዎቹ ወዲህ። ስንጋባ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና የለም ብለው መርቀውናል። ከሰባት በላይ ያለውን ማንም አልቆጠረም።

ልጄ ዓመት ሳይሞላት ፀጉሯ እየረገፈ ትራሷ ላይ ይቀር ጀመር። መጀመሪያ የጨቅላ ፀጉር ነው፣ ይተካል ብለን ጠበቅን። አልተካም። ቅንድቧም ሄደ። መቆም ስትጀምር ደግሞ እግሮቿ ክብደቷን አልችል ብለው ወደ ውጭ ጎበጡ። ከሁሉ የከፋው ሕመሙ ነበር። ብብቷን ይዤ ሳነሳት ትጮኻለች። እናት ልጇን ባቀፈች ቁጥር ልጇ ስትጮኽ መስማት ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም።

ጤና ጣቢያ ያያት ባለሙያ እግሯን ገና ሲመለከት አወቀው።

"ሪኬትስ ነው፤ የአጥንት መለስለስ። ፀሐይ አታሞቂያትም እንዴ?"

"ጠዋት ጠዋት አሞቃታለሁ።"

"ጨምሪላት" አለና የቪታሚን ዲ ጠብታ ሰጠኝ።

ጨመርኩላት። ያኔ የአውሮፕላን ሜዳው ከተማው መሃል ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በየጠዋቱ ሜዳው ዳር ሣሩ ላይ ነጠላ አንጥፌ፣ ገላዋን ቅባት ቀብቼ አስተኛታለሁ። ጠብታውም አለቀ፤ ሌላ ተሰጠን፤ እሱም አለቀ። እግሯ ይበልጥ ጎበጠ። ሰፈር ውስጥ "መምህርቷ ልጇን ቤት ዘግታባት ነው ሥራ የምትውለው" ይባል ጀመር።

እኔ ሳስተምር ልጄን የምትይዝልኝ ከአሪ ብሔረሰብ የሆነች ጎረቤቴ ነበረች። አማርኛን የተማረችው ካገባች በኋላ ነው፤ ልጄንም ሁልጊዜ "እሱ" ነበር የምትላት። አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ሴቶቹ ሲያሙኝ ሰምታ ጀሪካኗን አስቀመጠች።

"እሱ ፀሐይ ጠግቧል" አለቻቸው። "እናቱ ሥራ ሲሄድ እኔ ነኝ የማስቀምጠው፣ በዓይኔ ነው የማየው። የእናቱን ስም አትጥሩ።"

ከዚያ በኋላ ፊት ለፊቴ የተናገረኝ የለም።

ልጄ አፍ ፈትታ ማውራት ከጀመረች በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ አዝያት ገበያ እወርዳለሁ። ራሷ ላይ እኔ የሠራሁላት የዳንቴል ቆብ አለ። አንድ ቅዳሜ ከማጎ ፓርክ በኩል የመጡ የሙርሲ ሴቶች ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ እንደ ልማዳቸው ፀጉራቸው ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል። ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቆቧን አወለቀች።

"እማዬ፣ እነሱም እንደኔ ናቸው!"

ከሴቶቹ አንዷ ሰማቻት። ቃሉ ባይገባትም ነገሩ ገባት መሰለኝ፤ ተነስታ መጣችና መዳፏን ልጄ ራስ ላይ አሳረፈች፣ ቀጥላ የራሷን ራስ ነካች፣ ሳቀች። ልጄ ከዚያን ቀን ወዲያ ቆቡን አላደርግም አለች። እኔም ደግሜ አላስገደድኳት።

በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን። እዚያ ያገኘናት የሕፃናት ሐኪም የልጄን እግር ሳይሆን ራሷን ነበር ቀድማ ያየችው። ፀጉሯ መቼ እንደረገፈ፣ እኔና ባለቤቴ ምን እንደምንዛመድ ጠየቀችን። የልጄ ደም ተወስዶ ወደ ውጭ አገር ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። ሲመጣ አስቀምጣ አስረዳችን።

"ቪታሚን ዲ አልጎደላትም" አለች። "ደሟ ውስጥ ከበቂ በላይ አለ። ግን ቪታሚኑ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሕዋስ ውስጥ የሚቀበለው ፕሮቲን አለ፤ ተቀባይ ይባላል። ያ ተቀባይ ሲይዘው ነው አንጀት ካልሲየም የሚወስደው፣ አጥንት የሚጠነክረው። የፀጉርም ሥር ይህንኑ ተቀባይ ይፈልጋል። የልጃችሁ ተቀባይ አይሠራም።"

"ለምን?" አላት ባለቤቴ።

"ተቀባዩ እንዴት እንደሚሠራ ለሕዋሱ መመሪያ የሚሰጠው ጂን ስለተበላሸ። ሰው ሁሉ ከዚህ ጂን ሁለት አለው፤ አንድ ከእናቱ፣ አንድ ከአባቱ። እናንተ እያንዳንዳችሁ አንድ ጤነኛ፣ አንድ የተበላሸ ይዛችኋል። ጤነኛው ስለሚበቃችሁ ሳታውቁት ኖራችሁ። እሷ የተበላሸውን ከሁለታችሁም ወሰደች።"

ባለቤቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። "ስለዚህ እኛ ነን" አለ።

"ማንም አይደለም። ማንም መርጦ የሰጣት የለም" አለች ሐኪሟ።

ያለው ሕክምና ካልሲየሙን በቀጥታ በደም ሥር መስጠት ነበር። ባለቤቴ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ከልጄ ጋር ሆስፒታል ቀረሁ። እጇ ላይ ደም ሥር እየጠፋ ነርሶቹ አንገቷ ላይ ይፈልጉ ነበር። ግን ሠራ። አንድ ጠዋት ልብሷን ልቀይርላት ከአልጋው አነሳኋት፤ አልጮኸችም። እኔም እሷም ደንግጠን ተያየን።

"አላመመኝም" አለች። "እንደገና አንሺኝ።"

አነሳኋት።

"እንደገና።"

ክንዴ እስኪዝል አነሳኋት። ነርሶቹ በር ላይ ቆመው ያዩን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት የተደሰትኩበት ቀን የለም።

አጥንቷ ሲጠነክር ሐኪሟ ከእንግዲህ በአፍ ትውሰድ አለችን፤ የሚዋጥ ካልሲየም በብዛት ይዘን ጂንካ ተመለስን። ለትንሽ ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት ገባች፤ ጠዋት ባጃጅ ይወስዳታል፣ ከሰዓት እኔ እመልሳታለሁ። የሚዋጠው ግን እንደ ደም ሥሩ አልሆነላትም። አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም፤ ከአርባ ምንጭ በመኪና እናስመጣለን። ሕመሙ ቀስ እያለ ተመለሰ። የጎድን አጥንቶቿ ስለለሰለሱ ሲያስላት ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ወደ አዲስ አበባ ልንመልሳት ስንሰናዳ በዝናቡ ወቅት ሳንባ ምች ያዛት። ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ አደረጓት። ባለቤቴ አንድ እጇን ይዞ፣ እኔ ሌላውን ይዤ፣ ረፋዱ ላይ አረፈች።

አሪዋ ጎረቤቴ ገላዋን አብራኝ አጠበች። ያን ዕለት "እሱ" አላለችም። ምንም አልተናገረችም።

ለቅሶው ሳይበርድ አማቴ ከአገር ቤት መጣች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ከእኔ ጋር አብራ አልቅሳለች። ግን ሐኪሟ ያለችውን ከልጇ ሰምታ ኖሮ አንድ ቀን ጓዳ ገብታ እጄን ያዘች።

"ልጄ፣ ችግሩ እናንተ ሁለት ስትሆኑ ነው አሉ እንጂ ለየብቻ ጤነኞች ናችሁ። እሱም ሌላ ቢያገባ፣ አንቺም ሌላ ብታገቢ ልጅ ታያላችሁ።"

የተናገረችው እውነት ነበር። እኔና እሱ ደግመን ልንሞክር እንችል ነበር፤ ጤነኛ ልጅ የማግኘት ዕድላችን እንደሚበልጥ ሐኪሟ ነግራናለች። ግን እኔ ሌላ ልጅ አንስቼ ይጮህ ይሆን ብዬ ለመጠበቅ አቅም አልነበረኝም። እሱ ደግሞ የሰው ሕፃን ባየ ቁጥር ዓይኑ አብሮት ይሄድ ነበር። እንዲህ ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ምሳ አቅርቤ ሳይበላ ሲቀር፦

"ሂድ" አልኩት። "አልቀየምህም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ልጅ ትፈልጋለህ። ከእኔ አታገኝም።"

ሳህኑን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አልሄድም አለ። ቆይቶ ግን ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለችው ካንጋተን ከተማ ዝውውር ጠየቀ።

ተፋታን፤ ካንጋተን ሳለ ሌላ አገባ። ወንድ ልጅ ወለደ። ወሬውን ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ነው የሰማሁት፤ ደስ አለኝ፤ ቤት ገብቼ ግን በሬን ቆለፍኩ። ከዓመታት በኋላ ስልክ ደወለ። ድምፁን ወዲያው ነው ያወቅሁት።

"ሴት ልጅ ወለድኩ" አለ።

"እንኳን ማርያም ማረቻት።"

"ስሟን ልሰጣት ፈልጌ ነበር። የልጃችንን። ካልፈቀድሽ አላደርገውም።"

መልካም ሴት እሺ ትል ነበር መሰለኝ።

"ስሟን ተውልኝ" አልኩት። "ሌላ የቀረልኝ የለም።"

"እሺ" አለ። ሌላ ስም አወጣላት።

እኔ አሁንም ጂንካ ነኝ፤ አሁንም አስተምራለሁ። የእሱ ሴት ልጅ ትምህርት ጀምራለች ይሉኛል፤ ሯጭ ናት አሉ። አይቻት አላውቅም።