አንድ ዓይኗ የተጨፈነ «መ»

ንጋት 11፡30፣ ሀርጌሳ

ሰባት ወር የሰው ግድግዳ ስለስን ከርሜ ዛሬ ወደ አገሬ ነኝ። አውሮፕላኑ ከጅግጅጋ የሚነሳው 7 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድንበር ተሻግሬ ቶጎጫሌ አደራ ያስቀመጥኩትን ሻንጣ መውሰድ አለብኝ። መታወቂያዬ እሱ ውስጥ ነው፤ ያለ መታወቂያ አያሳፍሩኝም። ሰው አገር እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነበር የተውኩት። ብልጥ መሆኔ ነው።

ሾፌሩ አብዲ ጅግጅጋ ስላደገ አማርኛው ከኔ ይሻላል። መኪናው መሪው በቀኝ ነው፤ የሚነዳውም በመንገዱ ቀኝ ነው፤ እኔ በግራ ተቀምጫለሁ። ሊቀድም ሲወጣ ከፊት የሚመጣውን ሞት መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ።

«ወርያ መርሻ፣ ስድብህን ጨርሰህ ነው የምትሄደው ወይስ የቀረ አለ?»

«ላንተ ያስቀመጥኩት አለ።»

«እሱን ለሚስትህ ውሰድላት። ናፍቋት ይሆናል።»

ሜዳው ጠፍጣፋ ነው፤ ቁጥቋጦው ሁሉ ፌስታል አብቅሏል። ግመሎች መንገዱን ሲያቋርጡ አንዷም ዞር ብላ አላየችንም። ሀርጌሳ ያለውን አሠሪዬን አስታወሱኝ።

2 ሰዓት፣ ቶጎጫሌ

ድንበሩ ገመድ ነው። ከገመዱ ወዲያ አቧራ፣ ከገመዱ ወዲህ አቧራ። የይለፍ ወረቀቴን መልሼ በእግሬ ተሻገርኩ። የጅግጅጋ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ይዤ ወደ እትዬ ብዙነሽ ሮጥኩ።

እትዬ ብዙነሽ የወታደር ልጅ ናቸው፤ እዚህ አልጋ ያከራያሉ፣ የተሻጋሪ ዕቃም ያስቀምጣሉ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የላቸውም። አንድ ትልቅ መዝገብ አለ፤ ዕቃ ያስቀመጠ ሰው አውራ ጣቱን ያሳርፍበታል፣ ሲወስድም እንደገና ያሳርፋል። የተማረም ያልተማረም እኩል ነው።

እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ሀርጌሳ አብሮኝ ይለስን የነበረ የቀድሞ መምህር ከሥራ በኋላ ፊደል አስቆጥሮኛል።

«ዛሬ እፈርማለሁ» አልኳቸው።

«ፈርም፣ ማን ከለከለህ። እኔ እንደሆን ማንበብ አላውቅ። ጣትህን ወዲህ በል።»

ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነክረው መዝገቡ ላይ አሳረፉት። መነጽራቸውን አድርገው አዩ፣ ወደ በሩ ብርሃን ወስደውም አዩ።

«ይሄ የሰው ጣት አይደለም።»

«የምንድን ነው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። መስመር የለውም።»

እውነታቸውን ነው። ሲሚንቶና ኖራ ልጦታል። የሰው ግድግዳ ሳለሰልስ ጣቴም አብሮ ለስልሷል።

«እትዬ፣ ፊቴንስ አያውቁትም?»

«ያኔ የመጣው ወፍራም፣ ጺማም ነው። አንተ የሱን ጥላ ትመስላለህ። ፊት እያየሁ ዕቃ ብሰጥ ኖሮ የራሴም ፍራሽ በተወሰደ።»

ሚኒባሱ ጥሩምባ ይነፋል። ሻንጣዬ ከጀርባቸው መደርደሪያው ላይ ይታየኛል። ንዴቴ መጣ። እስክሪብቶውን አንስቼ፣ አነበቡት አላነበቡት ብዬ፣ ስሜን ጻፍኩ።

«ምላስህን አስገባ» አሉኝ። ስጽፍ ምላሴ ይወጣል።

ዝቅ ብለው አዩና መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጡ። ከድሮው አሻራዬ ጎን አንዲት የተሰረዘች ነገር አለች። ረስቻት ነበር። የዚያን ዕለት ልጄ አገር ቤት ያሳየችኝን የስሜን መጀመሪያ ፊደል ልጽፍ ሞክሬ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሲያየኝ አፍሬ ሰርዤ ጣቴን ሰጥቼ ነበር።

እትዬ ብዙነሽ ሁለቱን «መ»ዎች በጣታቸው እያመላለሱ ነኩ።

«ይችን አንድ ዓይኗ የተጨፈነ መነጽር ከአንተ በቀር የሚስላት የለም። ያኔም ምላስህ ወጥቶ ነበር። በል ሻንጣህን ውሰድ።»

ሰባት ወር ተምሬ «መ»ዬ ቅንጣት አልተሻሻለችም ማለት ነው። ልቆጣ ነበር። ሻንጣውን ሲያወርዱልኝ ተውኩት።

5፡30፣ ጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ

ፈታሹ መታወቂያዬ ላይ ያለውን ወፍራም ሰውዬና እኔን ሁለቴ አስተያየ። ሐምራዊ አውራ ጣቴን ሲያይ፣

«ምርጫ ነበር እንዴ እዚያ?» አለኝ።

«ነበር። ተሸነፍኩ።»

ስቆ አሳለፈኝ።

መምህሬ «የ‹መ›ን ሁለቱንም ዓይን ግለጥ» እያለ ሰባት ወር ጮኸብኝ። ይህን ለጋዜጣ የምጽፈው መጠበቂያው ወንበር ላይ ነው፤ አንዷም አልገለጠች። ጋዜጣው ሲያትማቸው ሁሉንም ያቀናቸዋል፤ እናንተ የምታዩት የተቃናውን ነው። የኔን የሚያውቁት እትዬ ብዙነሽ ናቸው፣ አንድ ቃል ሳያነቡ።