በላይነሽ ያልሰማችው ወንጌል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የሰው ኃጢአት ስሰማ ያረጀሁ ቄስ ነኝ፤ እዚህ ጋይንት ውስጥ ብዙ ቤት የንስሐ አባቴ ይለኛል። የራሴን ግን ዋጥ አድርጌ ይዤው ኖርኩ።

በላይነሽ ከልደቷ ጀምሮ የማትሰማና የማትናገር ልጅ ነበረች። እኛ አገር የማይሰማውን «ደንቆሮ» እንለዋለን፤ ምንም የማያውቀውንም «ደንቆሮ» እንለዋለን። ለእኔም ሁለቱ አንድ መሰሉኝ። ከእናቷ ከጥሩዬ ጋር በእጅ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ አይቻለሁ። አይቼስ ምን ተማርኩ?

ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ ደረቷን አመማት። ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት ወስደዋት፣ አትድንም ተብለው መለሷት። ጥሩዬ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ቀሳውስቱ በተሰበሰቡበት፣ እግሬ ላይ ወደቀች።

«አባቴ፣ ልጄ ሳትቆርብ እንዳትሞትብኝ። በቃሬዛ ላምጣት።»

«ሳትናዘዝ እንዴት ትቆርባለች?»

«በእጇ የምትለውን እኔ እነግርዎታለሁ።»

«ወንጌል ያልሰማች ምኑን ታምናለች? ደንቆሮ አይቆርብም።»

«ታዲያ ልጄ ወዴት ልትሄድብኝ ነው?»

«ያልሰማ አይድንም» አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኩት። መጽሐፍ አልገለጥኩም። የድጓ ትምህርት ቤቱ ደብር፣ እዚሁ ጋይንት ያለው ቤተ ልሔም፣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ሊቃውንቱ ሞልተዋል፤ ሄጄ ብጠይቅ ምን ነበረበት? በጓደኞቼ ፊት «አላውቅም» ማለት አፍሬ ነው። አለማወቄን በእግዚአብሔር ስም ሸፈንኩት። ለመሆኑ ከመካከላችን ማን ሰምቷል? ወንጌሉን በግእዝ ሳነብ ገበሬው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል፤ ስንቱ ይገባዋል? እሱን ግን አንድም ቀን አልከለከልኩትም። እሷን ከለከልኳት።

በላይነሽ ሳትቆርብ ሞተች። ፍትሐቱን እኔው ደገምኩላት። አትድንም ላልኳት ነፍስ ምሕረት ስለምንላት የቱን አምኜ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ጥሩዬ ጾሟን አላጎደለችም፤ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ግን ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትመለስ ነበር። ባለፈው ክረምት አልጋ ያዘች። ዘመዶቿ ጠሩኝ። ቁረቢ ብዬ ለመንኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ልጄ የሌለችበት ምን ልሠራ እሄዳለሁ፣ አባ? እሷ ካለችበት ይስደዱኝ።»

ያን ጊዜ «አላውቅም ነበር፤ የማላውቀውን ነው የነገርኩሽ» ማለት ይበቃ ነበር። ዘመዶቿ ከበውናል፤ ዲያቆኑ አጠገቤ ቆሟል። ደግሜ አፈርኩ። እሷም ሳትቆርብ ሞተች።

ዛሬ እግዚአብሔር ለበላይነሽ በጆሮ የማያልፍ የራሱ መንገድ እንደነበረው አምናለሁ። ግን ይህ እምነት ለእኔ ማምለጫ አይሆነኝም። እናንተም እግዜር ይፍታህ አትበሉኝ። ይቅር ልትለኝ የምትችለው ጥሩዬ ነበረች፤ ጥሩዬ ልጄ ጠፍታለች ብላ ሞተች። ለምን ቢሉ፣ ያመነችው እኔን ነው።