ሳይወርድ የቀረው ድስት

ደራሲው ጥርሱን ሊታከም መጥቶ ተራውን ሲጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የገዛ ድራማው የመጀመሪያ ክፍል ጀመረ። ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋና ዓይኑን አጠገቡ በተቀመጡት አሮጊት ላይ ተከለ። ጫፉ በእሳት የተለበለበ ሻርፕ ደርበዋል፤ የቤታቸውን ቁልፍ ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱና መልሰው ያወጡታል።

ደራሲው ተመልካች ገና ሳይደላደል ልቡ ይሰቀል ብሎ፣ በመክፈቻው ሙሽራ አስኮብልሏል፣ መኪና ገልብጧል፣ አንዲት ሴትም ማጀቷ ውስጥ አስገድሏል። አሮጊቷ አዛጉ። የደራሲው ክብር ከጥርሱ ቀድሞ ተነቀለ።

ድንገት አሮጊቷ ብድግ አሉ።

«ኧረ ድስቱ! ሟቿ የጣደችውን ድስት የሚያወርድ ሰው ይጥፋ?»

«እማማ፣ ተራዎ ነው፤ ይግቡ» አለች ነርሷ።

«ቆይ ልጄ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት እሳት ቀልድ አይደለም። እኔን ያየ ይቀጣ» አሉና ሻርፓቸውን ሰብስበው ወደ ደራሲው ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ እስክመለስ ዓይንህን እንዳትነቅል። ማን እንዳወረደው ትነግረኛለህ።»

«እሺ እማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ሟቿን አስቀብሯል፣ ገዳዩን አሳስሯል፣ ሙሽራዋን ድሯል፤ ድስቱ ግን ዛሬም እሳት ላይ ነው።