የሮክ ሙት ዓመቶችና ጳጉሜ ስድስት

ወንድሜ የሞተው ጳጉሜ ስድስት ቀን ነው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ሙት ዓመቱን የምናወጣበት ቀን አጣን። ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም የምጽፈው በዚሁ ምክንያት ነው። መጻፍ አልችልበትም፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ግን የቀን ነገር በተነሣ ቁጥር ቤተሰቡ በሙሉ ዞሮ እኔን ያያል። ለምን እንደሚያየኝ መናገር አለብኝ።

ወንድሜ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። ጽሑፍ ይተይባል፣ ሲቪ ይሠራል፣ ሜሞሪ ላይ ሙዚቃ ይጭናል። ደንበኞቹ የሚያስጭኑት መዝሙርና የጋሞ ጭፈራ ነው። እሱ የሚወደው ሮክ ነው። በከተማችን ከእሱ ሌላ ሮክ የሚወድ ሰው ላይጠፋ ይችላል፤ እኛ ግን አላገኘነውም።

ይህ አባዜ የያዘው አንድ ፈረንጅ ሆቴል ውስጥ ጥሎት ከሄደው መጽሔት ነው። መጽሔቱ መጨረሻው ገጽ ላይ «በዚህ ቀን» የሚል ዓምድ ነበረው። በየቀኑ በሮክ ዓለም የሆነውን ይዘረዝራል፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ የትኛው ባንድ ተጣልቶ ፈረሰ። ወንድሜ ይህን ወደ አማርኛ መልሶ ትልቅ አጀንዳ ላይ ገለበጠ። የጎደለውን ከኢንተርኔት እያሟላ ዓመቱን ሞላው። እኛ ቤት የቅዱሳንን ቀን የሚያውቀው አባዬ ነው፤ የከበሮ መቺዎችን ቀን የሚያውቀው ወንድሜ ሆነ።

አጀንዳውን እያነበበ የሚነግረን ነገር ታሪክ መሆኑ አይገባኝም ነበር። አንዱ ጊታሩን መድረክ ላይ በእሳት አቃጠለ፤ ታሪክ። አንዱ ከሆቴል መስኮት ቴሌቪዥን ወረወረ፤ ታሪክ። እኛ ቤት ቴሌቪዥን የሚወረውር ሰው ቢኖር አባዬ እሱን አስከትሎ ይወረውረው ነበር እንጂ ማንም አጀንዳ ላይ አይጽፈውም። ደግሞ በአንድ ሜዳ ላይ ሕዝቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሦስት ቀን ዘፈን የሰማበት የሚባል ነገር አለ። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ «ጭቃ ውስጥ መቆም ታሪክ ከሆነ የእኛ የሐምሌ ገበያ በየሳምንቱ ታሪክ እየሠራ ነው» እለዋለሁ።

«አንተ ምንም አይገባህም» ይለኛል።

እውነቱን ነው። ምንም አይገባኝም ነበር።

ቀኖቹን ያከብራል እኮ! ማክበር ስል ዝም ብሎ ማስታወስ አይደለም። ሱቁ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ሥራ የሚፈልጉ አራት ልጆች ጠዋት ተቀምጠው ማታ ይነሣሉ። ወንድሜ የአቮካዶ ጁስ ይገዛላቸዋል፤ እነሱ ለቅሶ ይቀመጡለታል። እንደዚያ ነበር ስምምነቱ። ጥቁር ቲሸርቱን ለብሶ ይቆምና «በዛሬዋ ዕለት» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የኅሊና ጸሎት ያስደርጋል። አራት ምሩቅ ጎንበስ ብለው፣ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ፣ ሙዝ የጫነ አይሱዙ አቧራውን እያለበሳቸው፣ ስሙን እንኳ አጥርተው ለማይጠሩት የእንግሊዝ ከበሮ መቺ ይጸልያሉ።

በዚህ አላበቃም። በሙት ዓመት ቀን መዝሙር ሊያስጭን ለመጣ ሰው ሁሉ አንድ የሮክ ዘፈን ምርቃት ይጨምርለታል። ሳይነግረው። አንድ ቀን ከካምባ አንድ የወንጌል አገልጋይ መጡ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፤ መንገድ አድክሟቸዋል። ከሳምንት በፊት መዝሙር ያስጫኑበትን ሜሞሪ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ወንድሜ፣ ይቺን ነገር ጉባኤ ላይ ከፈትናት። አሥራ ሁለት መዝሙር ዘመረች። በአሥራ ሦስተኛው አንድ ሰው ጮኸ። ምን ሆኖ ነው?»

«ሙት ዓመቱ ስለነበር ነው አባባ» አለ ወንድሜ።

«የእሱ? የሞተው እሱ ራሱ ነው የሚጮኸው?»

«አዎ።»

«እኛ ደግሞ ሰይጣን የያዘው መስሎን ሁለት ሽማግሌ እጃቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ጭነው ጸለዩለት። ምን የሚባል ዘፈን ነው?»

«ሮክ ይባላል።»

«ትርጉሙስ?»

ወንድሜ ሜሞሪውን አገላበጠና መለሰ። «ዐለት።»

«ዐለት እኛም አለን። የእኛ አይጮህም» አሉና ሜሞሪውን አስጠርገው ሄዱ። አግዳሚው ላይ ያሉት ልጆች ሳቃቸውን ለመዋጥ ጁሳቸውን ተፉ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። እየሸሸሁት ነው።

ሱቁ ውስጥ አግዘው ነበር። የካቲት ላይ አንድ ቀን ሲቪ እየተየብኩ፣ እሱ ውጭ «በዛሬዋ ዕለት» እያለ፣ ዓይኔ የኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ወደቀ። ቀኑ የካቲት አሥራ አምስት ነው፤ አጀንዳው ላይ በዚሁ ቀን ሥር ፌብሩዋሪ አሥራ አምስት የሚል አለ። ኮምፒውተሩ ፌብሩዋሪ ሃያ ሁለት ይላል። ገባኝ። ወንድሜ ጃንዋሪን ጥር፣ ፌብሩዋሪን የካቲት፣ ኤፕሪልን ሚያዝያ ብሎ ወስዶታል። ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው ያስተማሩን፤ ቀኑ ግን እኩል እንደማይጀምር ያስተማረን የለም፤ ወይም አስተምረውን እኛ አልሰማንም። ወንድሜ ለዓመታት ሙት ዓመት ሲያወጣ የኖረው ቀኑ ካለፈ ከሰባት፣ ከስምንት፣ አንዳንዴም ከዐሥር ቀን በኋላ ነው።

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት እየዋለ እንዴት አላየውም ትሉ ይሆናል። ኮምፒውተሩን አያምነውም። «ሰዓቱን በስድስት ሰዓት የሚሳሳት ዕቃ ቀኑን በምን ያውቃል?» ይል ነበር።

ሌላም ነገር ገባኝ። ፈረንጆቹ ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን አላቸው፤ እኛ የለንም። በሠላሳ አንድ የሞተውን፣ የተወለደውን፣ የተጣላውን ሁሉ ወንድሜ ሰብስቦ ጳጉሜ ላይ አስፍሮታል። ጥርጣሬ አልገባውም። ቤት ላጣ እንግዳ ማደሪያ እንደሚሰጥ ሰው ነው ያደረገው።

ያንኑ ቀን ልነግረው እችል ነበር። ወደ ውስጥ ጠርቼ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ «ስማ እንጂ» ብዬ። አልነገርኩትም። ደስ አለኝ። እሱ ዲፕሎማ አለው፣ ሱቅ አለው፣ ሰው ተሰብስቦ ይሰማዋል። እኔ የእሱን ፎቶ ኮፒ ቀለም የምሞላ ሰው ነኝ። ነገሩን በልቤ ያዝኩት።

ሚያዝያ ላይ ትልቁ ቀን መጣ፤ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ዘፋኝ የሞተበት። በዚያ ቀን ጁሱ ከነዳቦው ነው። ልጆቹ ጸጉራቸውን ሁሉ አበጥረው መጡ። ወንድሜ ቆመ።

«በዛሬዋ ዕለት» አለ።

«በዛሬዋ ዕለት አይደለም» አልኩ ከውስጥ።

«ምን?»

«ያለፈው ሳምንት ነው። ስምንት ቀን አልፎሃል።» ስልኬን ይዤ ወጣሁ። አሳየኋቸው። አስረዳኋቸው። እንዲህ አጥርቼ ያስረዳሁት ነገር በሕይወቴ የለም።

ከልጆቹ አንዱ፣ ረጅሙ የሲቪል ምሕንድስና ምሩቅ፣ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ አየና ጭንቅላቱን ያዘ። «በሞቴ! ሰልስቱም አልፎናል እኮ!»

«ለዘገየ ለቀስተኛ ምን ይባላል?» አለ ሌላው።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር ሁሉም ላይ ነው? እስከ ዛሬ የጸለይንላቸው ሁሉ?» አለ ሦስተኛው ወደ ወንድሜ ዞሮ።

«ሁሉም ላይ» አልኩ እኔ።

«ጁሱን ግን አታስመልሱንም አይደል?» አለ አንዱ።

ሳቁ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ወንድሜም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከእኛ ቀድሞ ቆመ። ማታ ሱቁን ስንዘጋ ጠየቀኝ።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«የካቲት ላይ።»

«ሁለት ወር ዝም አልክ?»

«አመቺ ጊዜ እየጠበቅሁ ነበር።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ሌላ ነገር ብያለሁ ብዬ ራሴን ለማታለል ሞክሬአለሁ፤ አልሆነም። እሱ የታቹንም የላዩንም ቁልፍ ከቆለፈ በኋላ ወደ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ ስለ ኳስ አወራን።

ከዚያ ወዲያ አጀንዳውን አልከፈተውም። ልጆቹ ጁስ ሲያምራቸው «ዛሬ ማን ሞተ?» ይሉታል። እሱ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ «የቀን ሊቁ ያውላችሁ» ይላል። ስም ወጣልኝ። ቀልድ ነበር። እኔም ስቄ አልፈው ነበር።

ጳጉሜ ሁለት ወባ ያዘው። እኛ ከተማ ወባን እንደ ጉንፋን ነው የምናየው። ሰው ክኒኑን ይውጣል፣ ይተኛል፣ ይነሣል። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ሲሻለው፣ ሱቅ ስንገባ፣ ብቻችንን ስንሆን ብዬ፤ እንደገና አመቺ ጊዜ እየጠበቅሁ ነበር። ጳጉሜ አራት ራሱን መሳት ጀመረ፣ ሆስፒታል ወሰድነው። በአምስት ነቃ፤ ተሻለው አልን። በስድስት ሞተ። በማግስቱ ዕንቁጣጣሽ ነበር። ሰው አበባ ይዞ በደጃችን ሲያልፍ እኛ ከድንኳን ውስጥ እናያለን።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ነው እንግዲህ ጭቅጭቁ። አባዬ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ በጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው።

«ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት የለችም» አለ። «በሌለ ቀን ፋይል አይከፈትም። አምስት ላይ ይሁን።»

እማዬ ከጋሞ ተራሮች፣ ከኦቾሎ የመጣች ሴት ናት። ቁጣዋ ሲነሣ አማርኛዋን ጥላ በጋሞኛ ትናገራለች፤ ያን ቀን ግን አባዬ አንድም ቃል እንዳያመልጠው በአማርኛ ተናገረች። «በአምስትማ ልጄ አልሞተም። በአምስት ሾርባ ጠጥቶልኛል። ጨው አነሰው ብሎኛል። ጨው አነሰው ባለኝ ቀን ተስካር አልደግስም።»

«ታዲያ መቼ ይሁን? አራት ዓመት እስኪሞላው እንጠብቅ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እሱን ጠይቀው፤ ቀን የሚያውቀው እሱ አይደለም?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

ሒሳቡን ሠርቼው ነበር። የሞተበትን ቀን በፈረንጅ ቆጥሬ ስመልሰው ዘንድሮ የሚውለው መስከረም አንድ ላይ ነው። ነገርኳቸው። አባዬ «በዕንቁጣጣሽ ተስካር?» ብሎ መነጽሩን አወለቀ። ቄሱ ተጠየቁ። እግዚአብሔር ዘንድ ቀን አይጠፋም አሉ፤ ቀጥለው ግን መስከረም አንድ ለእሳቸው እንደማይመች ተናገሩ። እኔ ድርቅ አልኩ። ለወንድሜ ያለብኝ ነገር ይህ ብቻ ነው የሚመስለኝ፤ ቢያንስ የእሱ ቀን አይሳት። አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ሰው ዘግይቶ አይቁምለት። ሦስት ቀን ከአባዬ ጋር አልተነጋገርንም። በመጨረሻ የእማዬ ወንድም ከኦቾሎ ደወለ። ሸማ ሠሪ ነው፤ ጴንጤ ስለሆነ በተስካር አያምንም፤ ለእህቱ ሲል ግን ይመጣል። «መንገዱን ዝናብ አበላሽቶታል፤ ከእሑድ በፊት መኪና የለም» አለ።

እሑድ መስከረም አምስት ነው። አባዬም ተስማማ፣ እማዬም ተስማማች። የማንም ቀን ስላልሆነ ይመስለኛል። ከትክክለኛው ቀን አራት ቀን ዘግይቶ። ወንድሜ ለሮከሮቹ ከዘገየው ያንሳል፤ እንደዚያ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

እሑድ ሰው መጣ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ንፍሮው ታድሎ፣ አጎቴ ያመጣው ቆጮ ለብቻው ተቀምጦ፣ ሰው በሹክሹክታ ስለ ኑሮ ሲያወራ ረጅሙ መሐንዲስ በር ላይ ታየ። ካምባ ወረዳ ሥራ አግኝቷል፤ በጭቃ ተለውሶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የገባው። ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅም።

«ዘገየሁ አይደል?» አለኝ። «መንገድ ላይ ስቆጥር ነበር። ጳጉሜ ስድስት ከነበረ፣ ዘንድሮ የሚውለው...» ስልኩን አወጣ። «ቆይ፣ አንተ ራስህ ባስተማርከኝ ሒሳብ...»

እማዬ አየችኝ። አባዬ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ።

«ዛሬ ነው» አልኩት።

«አይ፣ እየው እስቲ፣ መስከረም አንድ ላይ ነው የሚመጣው፤ አራት ቀን...»

«ስልክህን ክተተው። ቀኑ ዛሬ ነው።»

ፊቴን አየ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት። «ና ልጄ፣ አልዘገየህም» አለችው። እኔ እግሩን የሚታጠብበት ውኃ ላመጣለት ወጣሁ።