እናቴ በኽምጣንጋ የነገረቻቸው

ከግቢያችን በር ጥግ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አለ። አሁን ዶሮ ውኃ ይጠጣበታል። በኮሮና ጊዜ ግን ከታች ተበስቶ፣ እንጨት ተወትፎበት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የገባ ሁሉ ይታጠብበታል። እሱን ባየሁ ቁጥር የዚያን ዓመት የሳሙና ሽታ ይመጣብኛል። ከሽታው ጋር ደግሞ እናቴ "እርሽው" የምትለኝ፣ እኔ ግን ያልረሳሁት ነገር አለ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ሰቆጣ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ከገጠር ለትምህርት የሚመጡ ልጆች በየግቢው ክፍል ይከራያሉ። የእኛን የጓሮ ክፍል የተከራየችው ከደሃና የመጣች አዝመራ የምትባል ልጅ ነበረች። ክፍሏ በሶ በሶ፣ አቅማዳ አቅማዳ ይሸታል። አባቷ ለገበያ ሲመጣ በአህያ ስንቅ ያመጣላታል፤ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴም በጠርሙስ ማር። ማሩን ለብቻዋ አትቀምሰውም፣ እኔ እስክመጣ ትጠብቀኛለች። ኮረዳ ሆነንም ደጃፏ ላይ ቅልብልቦሽ እንጫወት ነበር። ጠጠሩን እየወረወርን እሷ በኽምጣንጋ፣ በዋጉ አገውኛ ትቆጥራለች፣ እኔ በአማርኛ።

ወላጆቼ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በኽምጣንጋ ነው። ለእኛ ለልጆች ግን ትምህርት እንዳይከብደን ብለው በአማርኛ ብቻ ያናግሩን ነበር። ስለዚህ ቋንቋውን አትችልም ብለው ደምድመዋል። ከአዝመራ ጋር ሁለት ዓመት ስቀመጥ የማይገባኝ ወሬ እንዳልቀረ አልነገርኳቸውም። ምን ቸገረኝ? ትልልቅ ሰዎች ከልጅ ደብቀናል ብለው የሚያወሩትን የመሰለ የሚጥም ወሬ የለም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዝመራ አቅማዳዋን አሸክማ ወደ ደሃና ሄደች። "ትንሽ ጊዜ ነው አሉ፤ ጠጠሮቹን እንዳትጥያቸው" አለችኝ። እኛን በቴሌግራም ተማሩ አሉን። በቤታችን ያለው የአባቴ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመብራትነት ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን የአዝመራ አባት የቀረ ዕቃዋን ሊወስድ መጣ። እጁን ታጥቦ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ "አጭተናታል፤ ቤት ቁጭ ብላ ምን ትሠራለች?" አለ፤ ስለ ጥጃ እንደሚያወራ ሰው።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ያኔ ስም አላወጣሁለትም። ባዶዋ የጓሮ ክፍል ገብቼ እተኛለሁ። ምግብ አፈር አፈር ይለኛል። ፀጉሬን መሠራት ተውኩ። አባቴ "ሰነፈች" አለ፤ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ምን ይጎድለዋል ብሎ ነው። እናቴ ግን ተጠራጠረች። አንድ ከሰዓት ጓሮ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጇ ሽንኩርት ይሸታል።

"ምን ሆነሽብኝ ነው? ለእኔ ካልነገርሽ ለማን ትነግሪያለሽ?"

"ለሰው ታወሪያለሽ።"

"ማርያምን! ከእኔና ከአንች አይወጣም።"

ነገርኳት። ጠዋት ጠዋት ባልነቃ ደስ እንደሚለኝ፣ አንዳንዴ ማታ እንዳልነቃ ብዬ እንደምጸልይ ነገርኳት። አቀፈችኝ። አብራኝ አለቀሰች። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን እንጀራውን ቀምሼ እንጀራ እንጀራ አለኝ። አንድ ሰው አወቀልኝ ብዬ።

የማርያም ዕለት የእናቴ ተራ ነበር፤ ጽዋው እኛ ቤት ገባ። መሰብሰብ ክልክል ነው ቢባልም ሴቶቹ ማርያምን አንተውም ብለው መጡ። የጤና ሠራተኞች ምክር ነው ብለው ግን ተራርቀው፣ በየግድግዳው ሥር፣ በነጠላ አፋቸውን ሸፍነው ተቀመጡ። በዚህ የተነሳ ለመደማመጥ ይጮኻሉ። እኔ ዳቦ አቀርባለሁ። እናቴ እያየችኝ፣ እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ ወደ ኽምጣንጋ ዞረች።

"ልጅቱን በጸሎት አስቡልኝ" አለች። "ጠዋት ባልነቃ ይሻለኛል ትለኛለች።"

"ምን ትላለች?" አሉ በዕድሜ የገፉት እማማ ጥሩ፣ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው።

እናቴ ድምጿን ከፍ አደረገች። "መሞት ያምረኛል ነው የምትል!"

"ዓይነ ጥላ ነው፤ ጸበል ውሰጃት" አለች አንዷ። "ኧረ ሥራ ፈትታ ነው፤ ወፍጮ ቤት ላኪያት፣ ነፍስ ትዘራለች" አለች ሌላዋ። ሳቁ። ሲስቁም ወደ እኔ እያዩ በዓይናቸው ፈገግ ይሉልኛል፣ ምንም ለማያውቅ ሕፃን እንደሚሳቅለት።

በማርያም ምላ፣ በማርያም ማኅበር ላይ። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን በኽምጣንጋ አናገርኳት።

"ጮክ በይ፣ እማዬ። እማማ ጥሩ አሁንም አልሰሙም።"

 እናቴ አፏን በነጠላዋ መልሳ ሸፈነችና በአማርኛ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚው?" አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው። የተጨነቀችው እኔ በመስማቴ ነው፤ በመናገሯ አይደለም።

ማታ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ለክፋት መሰለሽ?" አለችኝ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። በእኛ አገር መከራ ለብቻ አይያዝም፤ ለማኅበር ይነገራል፣ ሁሉም በጸሎቱ ትንሽ ትንሽ ይካፈለዋል። ግን መከራው የእኔ ነበር። በሳምንቱ ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ "አንች ነሽ መሞት የፈለግሽው? ስኳሩን ማን ሊበላው ነው?" አለኝ። ቀልዱ ነው። ስኳሩን ጥዬ ተመለስኩ። ጸበሉም መጣልኝ፣ ጠጣሁት፤ በጸበሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። እናቴ "እንዴት ነሽ?" ስትለኝ ግን "ደህና ነኝ" ማለት ለመድኩ፤ ደህና ባልሆንኩባቸው ወራት ሁሉ። ትምህርት ቤት ሲከፈትና ከሰው ስቀላቀል ቀስ በቀስ ቀለለኝ። አዝመራ ግን አልተመለሰችም።

አሁን ትምህርት እንደገና ተቋርጧል፤ በሌላ ምክንያት። ታናሽ እህቴ ፍሬ ያኔ እኔ በነበርኩበት ዕድሜ ላይ ናት። ባለፈው ወር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ጀመረች። ቁጭ ማለት የማልወድ ሰው አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ምክር አልሰጠሁም። ሥራ ያዢ፣ ጸልዪ፣ ተነሽ አላልኳትም። ሦስተኛው ቀን ላይ ተናገረች። ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

"ይህን ብቻዬን ይዤው አልቀመጥም፤ ሰው ያስፈልገናል" አልኳት። "ግን አንች ምረጭ። ለማን ልንገርልሽ?"

ብዙ አሰበች። ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ መረጠች፤ አብረን ሄድን፣ አሁንም እንሄዳለን።

ስንመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችን። ፍሬ ስትገባ ጠብቃ በኽምጣንጋ፣ በቀስታ፣ "ምን አለችሽ?" አለችኝ።

"እሷን ጠይቂያት።"

"እኔ እናቷ አይደለሁ?"

"ነሽ" አልኳት።  ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ አዘንኩላት፣ ግን አልነገርኳትም።

አንዳንዴ አስባለሁ፤ ያኔ እኔንም ብትጠይቀኝ ኖሮ ማንን እመርጥ ነበር? ምናልባት እማማ ጥሩን። በዚያ ቤት ውስጥ ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ጆሯቸው ላይ፣ ራሴ እነግራቸው ነበር።