የሐጅ በስዩኒ ግማሽ ወረቀት

ኢንሺራህ በስዩኒ በስህተቷ አታፍርም፤ የምታፍረው ስህተቷን አውቃ ሳታርመው ካደረች ነው። የእስክንድርያ ታካሚዎች የምርመራ ውጤታቸውን በስልካቸው የሚያዩበትን መተግበሪያ ስትሠራ፣ የመግቢያውን ምስጢር ቃል እዚያው መተግበሪያው ሆድ ውስጥ ሸጉጣው ነበር። ለሁሉም ስልክ ያው አንድ ቃል። እሑድ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ገመናውን በዚህ መተግበሪያ አምኖ ሊገባ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አለቃዋ ሹክሪ ዘንድ ሄደች። ሹክሪ እንደ ልማዱ ስኳር የጠገበ የባስቡሳ ኬኩን ይጎርሳል።

«እንዲህ እንዳለ እሑድ አይወጣም።»

«ኢንጂነር፣ በእሑዱ ስብሰባ ሐኪሞቹ ፊት አታዋርጂኝ። ቃሉን ደብቄዋለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔው ነኝ። ሰው ሁሉ በኪሱ ይዞት የሚዞረው ነገር ምን መደበቂያ ይሆናል? በርብሬ ለማውጣት አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። በል አሁን እንደ ሁልጊዜው በስልክህ መተግበሪያው ውስጥ ግባ።»

ገባ። ስልኩ ላይ ትናንት «ጨዋታ ነው» ብላ ያስጫነችው ነገር ነበር፤ ሰርቨሩ ለመግቢያ የላከውን ኮድ መንገድ ላይ ቀልቦ ወደ እሷ ላከው። ኢንሺራህ ኮዱን ከምስጢር ቃሉ ጋር አቀረበችና በሹክሪ ስም ገባች። የስኳር ሕመሙ ውጤት ተከፈተ። ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችው። ሹክሪ ባስቡሳውን አስቀመጠ።

«ይህን ማን አየ?»

«እስካሁን እኔ ብቻ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል በይው እንግዲህ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዘዴውን ያገኘችው አባቷ ካውያ ቤት ነው። ሐጅ በስዩኒ ልብስ ሲቀበሉ ደንበኛውን ወረቀት ያስቀድዱታል፤ ግማሹ እሳቸው ዘንድ ይቀራል፣ ግማሹን እሱ ይይዛል። ልብሱን የሚወስደው ቅዳጁ የገጠመለት ብቻ ነው፤ ለሌላ ቀን ሌላ ወረቀት። እሷም ያንን የተሸጎጠ ቃል አውጥታ ጣለችው። አሁን ስልኩ በገባ ቁጥር አዲስ ምስጢር ይፈጥራል፤ አስቀድሞ ለሰርቨሩ ምስጢሩ ራሱ የማይነበብበትን አሻራውን ብቻ ይልካል፤ ኮዱን ይዞ ሲመጣ ምስጢሩን ራሱን ያሳያል። ካልገጠመ አይገባም።

ቅዳሜ ጨዋታው ኮዱን አሥር ጊዜ ቀለበ፣ አሥር ጊዜ ሰርቨሩ መለሰው። ሹክሪ በደስታ ባስቡሳ ሊያዝዝ ብሎ ስኳሩ ትዝ አለውና ተወው።

ከሰዓት በኋላ ኢንሺራህ ለሐኪሞቹ ስብሰባ የምትለብሰውን ጃኬት ልትወስድ አባቷ ዘንድ ደረሰች።

«ግማሽሽን» አሏት፣ ካውያውን ሳያስቀምጡ።

«አባባ፣ ቤት ረሳሁት። ልጅዎ አይደለሁ እንዴ?»

«ስታመጪውም ልጄ ነበርሽ፤ ወረቀቱን ግን ቀደሻል።»

ልትከራከር አፏን ከፈተችና ሳቋ ቀደማት። ወደ ቤቷ አራት ፎቅ ወጥታ ወረቀቷን ይዛ ተመለሰች።

እሑድ የሐኪሞቹ አለቃ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው «ከሌላ ሰው ስልክ የተቀለበ ኮድ ይዘን ብንመጣ እኛንም ይመልሰናል?» ብለው ጠየቋት።

«ዶክተር፣ እኔንም መልሶኛል» አለች፣ የጃኬቷን ኮሌታ እያስተካከለች።